ነጥቧን ሳልተው

እኔ አንድ ቤት የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ልጆቼ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽተው ዙሪያውን ተበተኑ፤ ትልቋ ሰበታ፣ ወንዱ ቡራዩ፣ ትንሿ ሱሉልታ። እኔም ልብሴን በፌስታል ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ መዞር ሥራዬ ሆነ። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ እየቆራረጥኩ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ወጥቼ ሱሉልታ። የታክሲ ረዳቶቹ ለምደውኝ፣ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ይሉኛል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ቡራዩ ካለችው የልጅ ልጄ ደብተር ላይ ነው። ቁጥር ግን ቀድሞም አውቅ ነበር፤ ከአውቶቡስ ግንባር ላይ ነው የለመድኩት።

የዚያን ዓመት ትንሿ ልጄ ዘጠነኛ ወሯ ገብቶ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ በሰባት ወሩ ወጥቶባታል። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጭነት ይዞ ጅማ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። «ሰበታ ሦስት ቀን ብቻ ቆይቼ እመጣልሻለሁ፤ ሳልደርስ እንዳትወልጂ» ብያት ስቃ ሸኘችኝ። በሦስተኛው ቀን ፌስታሌን ይዤ ስወጣ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቀኝ።

ያን ሰሞን ማስተር ፕላን የሚለው ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም ነበር፤ ከተማው ወደ ገበሬው መሬት ሊሰፋ ነው ተብሎ። ዋናው መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ወታደር የጫነ መኪና ይመላለሳል። ጎረቤታችን፣ ስማቸውን ሳልጨምር ኦቦ ብቻ የምላቸው ሽማግሌ፣ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ «አካም ቡልተን፣ አዴ» አሉኝ። እንዴት አደሩ፣ እናቴ ማለታቸው ነው። ቀጥለው ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ወረቀት ላይ መሬቴን ቀለም ቀብተውታል አሉ። ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ» አሉኝ። እኔ ራሴ ከከተማ ተገፍተው የመጡ ልጆች እናት ነኝ። ሁለታችንም በአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቆመን የጎማውን ጭስ አሸተትን።

ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ቀጥሎ ስልኩም ጠፋ። ሱሉልታ በደወልኩ ቁጥር ያቺ የቴሌዋ ሴትዮ ናት የምታነሳው፤ ልጄን ማግኘት እንዳልቻለች በትሕትና ትነግረኛለች። ከበር እስከ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት እስከ ውሃ ታንከሩ ሃያ አራት እርምጃ ነው። ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩት አላውቅም።

በዚህ ላይ ከአማቼ ጋር ብቻችንን ነበርን። ትልቋ ልጄ ከተማ ሥራ እንደገባች መንገዱ ከኋላዋ ተዘግቶ የሥራ ባልደረባዋ ቤት ቀርታለች። ባሏ ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ግን ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አያላውስም። እኔ ስገባ ይነሳል። እኔ ሳልጎርስ አይጎርስም። እኔም እሱ ፊት ጠግቤ በልቼ አላውቅም። «እማማ፣ ይጨመርልዎት» ይላል፤ «በቃኝ ልጄ» እላለሁ፤ ሁለታችንም ሳንጠግብ ማዕዱ ይነሳል።

ይህ አማቼ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በትርፍ ጊዜው ደግሞ በሬዲዮ ይነጋገራል። ዜና የሚሰማበት ሬዲዮ አይደለም፤ ራሱ ተናግሮበት ሩቅ ካለ መሰሉ ሰው ጋር የሚጫወትበት ነው። አማተር ሬዲዮ ይሉታል፤ ፈቃዱን በመስታወት አድርጎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ሱሉልታ፣ ከትንሿ ልጄ ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፤ እሳቸውም እንደሱ ናቸው። በየቀኑ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮአቸውን ከፍተው ጥቂት ይጠብቃሉ፤ መብራት ስለማይታመን ባትሪያቸውን ይቆጥባሉ።

መንገዱ በተዘጋ በአራተኛው ቀን አማቼ መሬት መሬት እያየ፣ «መምህሩን ባገኛቸው ሄደው ያዩልን ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«አንቴናው፣ እማማ። ክረምት ላይ ነፋስ ጥሎት እንደተጠቀለለ ነው።»

ያኔውኑ ተነሳን። ሽቦውን ከጓሮ በኩል ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ምሰሶ ዘረጋው፤ ዝቅ አድርጎ፣ ከመንገድ እንዳይታይ። በዚያ ሰሞን ከፍ ብሎ የሚታይ ነገር መስቀል ያስፈራ ነበር። «ዝቅ ማለቱ ለኛ ይሻላል» አለኝ፤ «ድምፁ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ እዚሁ አካባቢ ይወርዳል። እንጦጦን በላዩ ያልፈዋል።» እኔ ያቃተኝን ሽቦው ሊያልፈው ነው ብዬ ቀናሁበት።

ሽቦው ዝም ብሎ አይሠራም፤ ርዝመቱ በልክ መሆን አለበት። ልኩን የምትናገር አንዲት መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን አለችው፤ አናላይዘር ይላታል፣ እኔ መለኪያዋ እላታለሁ። አናቷ ላይ የብረት አፍ አላት፤ ከአንቴናው የሚወርደውን ወፍራም ገመድ በዚያ ትጎርሳለች፤ ፊቷ ላይ ቁጥር ይወጣል። «ትንሽ ድምፅ ትልክና ምን ያህሉ እንደተመለሰባት ትናገራለች» አለኝ። «አንድ ካለች ሽቦው የሰጡትን ሁሉ ተቀብሏል። ወደ አንድ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ሦስት ካለፈች ግን እንግዳ በር ላይ እንደሚመልስ ቤት ነው፤ የተመለሰው ሬዲዮውን ይጎዳዋል።» እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ከሽቦው ጫፍ ጣት ጣት የምታህል ሊቆርጥ፣ እኔ ከግድግዳው ሥር ቆሜ ቁጥሯን ልጠራለት ተስማማን።

«ስንት ትላለች እማማ?»

«ሃያ ስምንት።»

ከመሰላሉ ላይ ዘወር ብሎ አየኝ። «መሃሏ ላይ ነጥብ የለም?»

«ዝንብ የጣለችው የመሰለ አለ።»

ሳቁን ዋጥ አደረገው። «እሷን አይተዉብኝ እማማ። ሁለት ነጥብ ስምንት ነው። ሃያ ስምንት ከሆነማ ሽቦው ልብስ ማስጫ ይሁን።»

እኩለ ቀን ላይ ሁለት ነጥብ አንድ ደርሰን ነበር። ከዚያ ቁጥሯ መቃዠት ጀመረች፤ እሱ ምንም ሳይነካ አራት ትላለች፣ ወዲያው ሁለት፣ ከዚያ መስታወቷ ደበዘዘ። «ድንጋይዋ ደክሟል» አለ፤ ባትሪ ድንጋይዋን ማለቱ ነው። ጉልበት ሲያንሳት ትዋሻለች አለኝ። ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። እኔ አጥሩ ጋ ሄጄ ኦቦን ጠራሁ። ነገሩን ስነግራቸው ገብተው ከሬዲዮአቸው ሁሉንም ድንጋይ አውጥተው በቀዳዳው አቀበሉኝ።

«ዜናውስ?» አልኳቸው።

«ዜናው እኔ ባልሰማውም ይመጣል። ውሰዱት አዴ፤ ኢንተላዋን ስሙበት።» ልጅቷን ማለታቸው ነው።

በአዲሱ ድንጋይ መለኪያዋ ተረጋጋች። አማቼ ቆረጠ፣ ጠራሁ፤ ቆረጠ፣ ጠራሁ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አንድ ነገር አየሁ። ገመዱን ከመለኪያዋ አፍ ሥር ጭብጥ ሳደርገው አንድ ነጥብ አምስት ትላለች፤ ስለቀው ወደ ሦስት ነጥብ ሁለት ትዘላለች። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ጥፋቱ የኔ እርጅና መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳየው አማቼ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሽቦው አውራ ጣቱን ቆርጦት በመሐረብ ጠምጥሞታል።

«አሁንስ እማማ?»

ከሁለቱ ቁጥር እሱን ደስ የሚያሰኘውን መረጥኩለት። «አንድ ነጥብ አምስት።»

«አበጁ» ብሎ እየሳቀ ወረደ። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት የሠርጉ ቀን ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ የመምህሩን የሬዲዮ መጠሪያ ጠራ። የተመለሰውን የምታሳየው የሬዲዮው መርፌ ብድግ ብላ ቀዩን ነካች። ደግሞ ጠራ፤ ደግማ ነካች። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መለኪያ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሬዲዮውን አጠፋው።

«ዛሬ አየሩ ጥሩ አይደለም» አለ።

እራት ላይ «ይጨመርልዎት» አለኝ፤ «በቃኝ» አልኩት። ቤቱ ከመቼውም ይልቅ ጠበበኝ። ውጭ ያለውን ድንጋይ ሌላ ሰው ነው የደረደረው፤ የውስጡን ግን እኔ ራሴ ነኝ።

ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ አጠገቡ ቆምኩ። «ልጄ፣ ትናንት የነገርኩህ ቁጥር ብቻዋን አልነበረችም። ሌላም ነበረች፤ ሦስት ነጥብ ሁለት። እንዳይከፋህ ብዬ ዋጥኳት።»

ፊቱን በፎጣው አደረቀ። «አውቄ ነበር እማማ።»

«መቼ?»

«መርፌዋ ቀይ ስትነካ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን ደግመህ አልለካህም?»

«እርስዎ ቆመው እያዩኝ? የሚስቴን እናት አላመንኳቸውም ልበል?»

እኔ እንዳይከፋው፣ እሱ እንዳላፍር፤ በሁለታችን ይሉኝታ መሃል ልጄ ላይ አንድ ቀን ጨመርንባት።

«ገመዱን ስጨብጠው ነው እኮ ቁጥሯ የምትወርደው» አልኩት፤ «እጄ እየተንቀጠቀጠ መስሎኝ።»

ፎጣውን ጣለው። «ሲጨብጡት?» ሮጦ ገመዱን አምጥቶ ከብረት ማገናኛው ሥር ጥቁሩን ልባስ በምላጭ ገፈፈው። ከውስጥ ሹሩባ የመሰለ የመዳብ ክር ዙሪያውን ተሠርቶበታል፤ አንገቱ ላይ ተበጣጥሶ በሁለት ሦስት ክር ተንጠልጥሏል። «ሲጨብጡት ክሮቹ ይነካካሉ፤ ሲለቁት ይለያያሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ሽቦውን የቆራረጥኩት ጥፋቱ እዚህ ሆኖ ነው።» መብራት ስላልነበረ መበየጃውን ከሰል ላይ አግሎ ጫፉን ቆርጦ አዲስ በየደው። በከንቱ ያሳጠረውን ሽቦም ከቁርጥራጩ እየቀጠለ መለሰለት። እያንዳንዱን ቁጥር፣ ክፉውንም ደጉንም፣ ነጥቧን ሳልተው ጠራሁለት።

«ገመዱን ይልቀቁት» አለኝ በመጨረሻ።

«ለቅቄዋለሁ።»

«ስንት?»

«አንድ ነጥብ ሦስት።»

«እውነት?» አለኝ። እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

«መጥተህ እይ።» መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም አልከፋኝም።

አሥር ሰዓት ላይ መርፌዋ ከቦታዋ አልተነሳችም። የመምህሩ ድምፅ ከቆርቆሮ በርሜል ውስጥ እንደሚናገር ሰው ሆኖ መጣ። አማቼ ነገሩን ነገራቸው። ሄደው እስኪመለሱ ሃያ አራቱን እርምጃ ስንት ጊዜ ሄድኩት። ሲመለሱ ግን ወሬ ብቻ ይዘው አልመጡም።

«እማዬ» አለች ልጄ፣ ከሬዲዮው ውስጥ።

አማቼ ማይክራፎኑን እጄ ላይ አደረገ። «ይሄ ለቤተሰብ ወሬ የተፈቀደ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ዛሬ ግን ይናገሩ። ሲናገሩ ቁልፉን ይጫኑት፣ ሊሰሙ ሲፈልጉ ይልቀቁት።» እኔ ምርቃት ስጀምር መልቀቁን ረሳሁት፤ እሱ ነው ጣቴን ያነሳልኝ።

«ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም፤ አታስቢ» ትላለች።

ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ከሁለት ቁጥር ደስ የሚያሰኘውን መርጣ የምትሰጥ ሰው ድምፅ ነው። ቁልፉን ተጫንኩት። «ነጥቧን ሳትተዪ ንገሪኝ።»

«የምን ነጥብ?»

«ለኔ ብለሽ የዋጥሻትን።»

ሬዲዮው ሽሽሽ ብሎ ቆየ። ገመዱ ደግሞ ተበጠሰ ብዬ ነበር። ከዚያ፣ «ከትናንት ጀምሮ ወገቤን ቆርጦ ይይዘኛል» አለች። «ጠዋት ውሃ ፈሰሰኝ። ሰዉ ሁሉ በር ዘግቶ ፈርቶ ተቀምጧል፤ ማንን ላስቸግር ብዬ ዝም አልኩ።»

ቁልፉን ሳልጫን የመምህሩ ሚስት ከዚያ በኩል ቀደሙኝ። «ሰምቻለሁ፣ እትዬ። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ። ጓሮ ለጓሮ እንደርሳለን። እርስዎ ይጸልዩ።» ሬዲዮው ተዘጋ።

እስከ ማግሥቱ አሥር ሰዓት ያለውን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላወራውም። መንገዱ እንደተዘጋ ነው፤ ፌስታሌ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። ኦቦ ሁለት ጊዜ በቀዳዳው አዩኝ፤ ሁለት ጊዜም ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ሰዓቱ ሲደርስ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ መለኪያዋን አገናኝቼ አየሁ።

«አንድ ነጥብ ሦስት» አልኩ። አማቼ ሬዲዮውን ከፈተው።

መምህሩ እየጠበቁን ነበር። «ሴት ናት» አሉ። «እናቲቱም ደህና ናት። ትንሽ ደም ፈሷት ነበር፤ ቆሟል። የልጅቷ ኪሎ ሁለት ነጥብ ስምንት።»

«ሁለት ነጥብ ስምንት» አልኩ። አማቼ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ሁለታችንም መሰላሉን አስታወስን።

መንገዱ ከዚያ በኋላም ከሳምንት በላይ ሳይከፈት ቆየ። የልጅ ልጄ ስታለቅስ መጀመሪያ የሰማኋት በሽቦ ነው። የምሥራቹን በሰማንበት ዕለት ግን ማዕድ ቀርበን ሳለ፣ አማቼ እንደ ልማዱ፣ «እማማ፣ ይጨመርልዎት» አለኝ።

«ጨምርልኝ» አልኩት።