ወደ እህቷ የሚያስገባ መርፌ

ሰፈሩ ሁሉ ጉንዳን ነው የሚላት። ትንሽ ናት፣ ቀጭን ናት፣ ማረፍ የሚባል ነገር አታውቅም። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። ልጆች ሳሉ የቤቱን ዕቃ ከቦታው እያነሳች ስታስቸግራት፣ “አንቺ ጉንዳን፣ ምናለ አንዴ እንኳ ብታርፊ” አለቻት፤ በዚያው ቀረ። እሷም ታላቋን እስከ ዛሬ “እትዬ” እንጂ በስሟ ጠርታት አታውቅም።

እንጀራዋ ስፌት ነው። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የሱሪ ጫፍ ታጥፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የተተረተረውን ትዘመዝማለች። የቁልፍ ማስገቢያ ግን በእጇ ካልሆነ አይሆንላትም። የጣት ቆብ አድርጋ አታውቅም፤ “ጨርቁን ካልዳሰስኩት ምኑን ሰፋሁት” ትላለች። ስለዚህ ጣቷ ሁሌ የተበሳሳ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚህ ጣት ነው። እትዬ ታመመች። ጉበቷ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚሉት፣ በደም የሚተላለፈው ቫይረስ፣ ስንት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ኖሮ በእርጅናዋ ሆዷን ነፍቶ ተነሣ። አፍንጫዋ በሰበብ አስባቡ ይደማል፣ ድዷም እንደዚያው። ጉንዳን ይህን እንደሰማች መቀሷን ጥላ፣ ድልድዩን ተሻግራ እህቷ ቤት ደረሰች። እትዬ አልጋዋ ላይ ሆና በሩ ላይ አስቆመቻት።

“እስቲ ጣትሽን አሳዪኝ።”

ዘረጋችላት።

“ይሄ ወንፊት እንጂ ጣት ነው? የኔ ደም ጠብ ቢልበት ምን ይመልሰዋል? ያንን ሁሉ መከራ አልፈሽ በኔ ልትሞቺ?”

“ጓንት አደርጋለሁ።”

“አንቺ? ዕድሜሽን ሙሉ የጣት ቆብ ያላደረግሽው? ተከተቢና ነይ። ሳትከተቢ ይቺን ደፍ እንዳትረግጪ፣ በእናታችን አጥንት።”

በእናት አጥንት ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ተመለሰች። ነገሩ ግን መንገዱን ሙሉ አልዋጥላት አለ።

ምክንያቱም ጉንዳን ስትታመም እትዬ እንዲህ አላደረገችም። ያኔ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ገና ወደነሱ አልደረሰም። ባሏ ሞቶ፣ እሷም ከስታ አልጋው ላይ ጨርቅ የተጣለ መስላ፣ ጎረቤት ብርጭቆዋን ለይቶ ሲያስቀምጥ፣ እትዬ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ከበሩ ሳያልፉ ቆመው ሳለ፣ ከጉንዳን የተረፈውን ውኃ አንስታ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። “ጠማኝ” አለች፣ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ቁስሏን በባዶ እጇ አጠበች፣ ጸጉሯን አበጠረች፣ መድኃኒቱ እስኪመጣ ድረስ ነፍሷን በእጇ ይዛ አቆየቻት። ጉንዳን አሁን የሚናፍቃት ያ እጅ ነው። ሻካራ ነበር፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ያንን እጅ በተራዋ ይዛ መቀመጥ፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ክትባቱን ጀመረች። አንዱን ተወጋች፣ ወር ቆይታ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛው ደግሞ እስኪደርስ ወራቱ አላልፍ አላት። በየሳምንቱ ድልድዩን እየተሻገረች ከውጭ ታወራታለች። እትዬ በመስኮቱ ድምፅዋን ብቻ ትልክላታለች። ሦስተኛው አልቆ ደሟ ከተመረመረ በኋላ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ወጣቷ ነርስ ወረቀቱን አየችና ፊቷ ቅር አለው።

“እማማ፣ አንቲቦዲ የለም። እስቲ እዚህ ቁጭ ይበሉ፣ እናወራለን።”

ጉንዳን ግን የሰማችው “የለም” የሚለውን ነው። ያኔ፣ ባሏ በሞተ ሰሞን፣ ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ያላት “አንቲቦዲ ተገኝቷል” ነበር። በሽታው በደሟ መኖሩን ያወቁት በእሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃል ለእሷ የመርዶ ቃል ነው፤ የለም ከተባለ ደግሞ ምን የሚያስፈራ ቀረ? ነርሷን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳመቻት፣ “ተባረኪ ልጄ” ብላ ወጣች። ነርሷ “እማማ፣ ይቆዩ እንጂ” ስትላት ጉንዳን በር ላይ ደርሳለች።

ሱቋን ዘጋች። ለእትዬ የሰፋችላትን ለስላሳ የሌሊት ልብስ በሻንጣ ያዘች። ድልድዩን ተሻግራ በሩ ላይ ስትደርስ የእትዬ ወንድ ልጅ፣ ጎልማሳው፣ ከሥራ ተመልሶ ሾርባ እያሞቀ ነበር።

“እትዬ፣ የለም ተባልኩ። ነጻ ነኝ።”

እትዬ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች። ቢጫ የመሰለ ከሲታ እጅ። ጉንዳን ጫማዋን አውልቃ ደፉን ተሻገረች።

“አክስቴ፣” አለ ልጁ ማንኪያውን እንደያዘ፣ “ምኑ ነው የለም የተባልሽው?”

“አንቲቦዲው ነዋ።”

“እኔ ስከተብ እኮ ‘አለ’ ብለው ነው እንኳን ደስ አለህ ያሉኝ። የለም ከሆነማ ክትባቱ አልያዘሽም ማለት ነው።”

እትዬ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ወደ ብርድ ልብሱ መለሰችው። ጉንዳን ያን የሚመለስ እጅ ስታይ ያመማትን ያህል ከባሏ መቃብር ስትመለስ እንኳ አላመማትም። የሌሊት ልብሱን እዚያው አኑራ ወጣች።

በማግስቱ ነርሷ ፊት ተቀመጠች። “ይሄ ገላ ምን ነካው? ለአንዱ በሽታ ያለውን ለሌላው የማይሰጥ ስስታም ነው እንዴ?”

“ስስታምስ አይደለም፣” አለች ነርሷ። “እንዲያውም ገላዎ ብዙ አንቲቦዲ፣ ያ በሽታ የሚከላከለውን ነገር፣ ሲሠራ ኖሯል። ኤች አይ ቪው ከገባ ጀምሮ አንቲቦዲ ሠራተኞቹን ዕረፍት ነሥቷቸው ሌት ተቀን ያሠራቸዋል። ሲደክሙ ያገኙትን ይሠራሉ እንጂ አነጣጥረው አይሠሩም። ከነሱ በላይ ደግሞ ለማን ምን እንደሚሠራ የሚነግሯቸው ሴሎች አሉ፣ ቫይረሱ አስቀድሞ የሚበላው እነሱን ነው።”

“የልብስ ልክ የሚወስደው ሰው ሄዶ ሰፊው ብቻውን ቀረ በይኛ።”

“እንደዚያ ነው። ልብሱ ይሰፋል፣ ለማንም አይሆንም። የሚውጡት መድኃኒት ቫይረሱን አስተኝቶታል፤ ግን መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የተበላሸው ሁሉ አልተጠገነም። አዲስ ነገር ሲያስተምሩት ገላዎ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ የገባውንም ቶሎ ይረሳል። ዕድሜም አለበት።”

“እኔ ደግሞ ጉንዳን ሲሉኝ የገላዬም ሠራተኛ የሚተጋ መስሎኝ።”

ነርሷ ሳቀች። ክትባቱ እንደገና፣ መጠኑ እጥፍ ሆኖ፣ ከመጀመሪያው ይጀመራል አለቻት። ሲያልቅም ይያዝ አይያዝ አሁን አይታወቅም። “እስከዚያ ግን፣” አለች፣ “አብሮ መቀመጥ፣ አብሮ መብላት ምንም አያመጣም። ደም ካለበት ነገር ብቻ ጣትዎን ይሸፍኑ፣ ጓንት ያድርጉ። እህትዎ ከልክ በላይ ፈርተዋል።”

ጉንዳን የነርሷን ቃል አንድ ሳታስቀር የእትዬ በር ላይ ቆማ ተናገረች። እትዬ “ነርሷ አንቺን አታውቅሽም” አለች። ጉንዳን ወንበር አምጥታ በተከፈተው በር ውጭ ተቀመጠች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እዚያ ናት፤ ስፌቷን ትታ፣ ጣቷን አሳርፋ። ስለ እናታቸው ያወራሉ፣ ስለ ሞቱት ያወራሉ፣ ደግሞ ዝም ይላሉ። አንዳንድ ቀን እትዬ በወሬ መሀል እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ጉንዳን ከውጭ ሆና ትንፋሿን ታዳምጣለች። ትንፋሿ እያጠረ መምጣቱን ከማንም በፊት የሰማች እሷ ናት።

ሁለተኛውን እጥፍ መርፌ ተወግታ በመጣችበት ቀን እትዬ ነቅታ ጠበቀቻት።

“ያዘሽ?”

“ገና ነው እትዬ። ገና ወራት አለው።”

“ደምሽ ትምህርቱን እስኪጨርስ እኔ እዚህ የምኖር ይመስልሻል?”

ጉንዳን ወንበሯን ወደ ደፉ አስጠጋች።

“ጓንት አለሽ?”

“አለኝ።”

“ሁለት ደርቢ። አንዱን አላምነውም።”

ሁለት ደረበች። ሁለተኛው አልገባ ብሎ አታገላት፤ እትዬም ከአልጋዋ “ልብስ ሰፊ ነኝ ትላለች፣ ጓንት ማጥለቅ አቅቷት” አለች። ገባች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ያንን እጅ ያዘችው። በላስቲኩ ውስጥ ሻካራነቱ አይታወቅም፣ ሽታውም የለም። ሙቀቱ ብቻ እየዘገየ መጣ። ባዶ እጇን ያህል አልሆነላትም፤ ቢሆንም አልለቀቀችውም።

“ቀዝቃዛ ነሽ፣” አለች እትዬ ዓይኗን ጨፍና። “ጠጋ በይ።”