ጭስ ላይ የተሰቀለው ፍሎፒ

ራቢዓ ሷሊሕ ኮምፒውተር የሚባል ነገር መኖሩን ከመስማቷ ከብዙ ዓመት በፊት ማከማቻ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። እሷ በተወለደችበት የቀወት መንደር፣ ከሸዋ ሮቢት በእግር ሁለት ሰዓት ርቆ፣ ማሽላ የሚቀመጠው ከመሬት በታች ነው። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ ነው፤ ሆዱ ግን ሰው ቆሞ ይዞርበታል። አባቷ ሷሊሕ ጉድጓድ የሚከፍቱት ጠዋት ነው። ቢስሚላህ ብለው ክዳኑን ያነሱና የታመቀው አየር እስኪወጣ ማንንም አያስጠጉም። ከቀትር በኋላ ኩራዝ በገመድ አስረው ያወርዳሉ። ኩራዙ ካልጠፋ ከቤቱ ልጆች ሁሉ ቀጭኗ ራቢዓ ትወርዳለች።

ከታች ሆና ቀና ስትል ሰማዩ አንድ ሰሃን ያክላል። በዚያች ሰሃን ውስጥ የአባቷ ፊት ብቅ ይልና፣

«ጠርገሽ እንዳትወጪ! ከሥር ትንሽ ተዪ!» ይላል።

ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ትንሽ ትታ ትወጣለች።

አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ከተማ ገብታ ታይፕ ተማረች። ጣቶቿ ፈጣን ስለነበሩ አስተማሪዋ የግድግዳውን ሰዓት ትቶ የእሷን እጅ ነበር የሚያየው። በ1994 ዓ.ም. ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ገቡና ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣው መምህር ሞገስ ረዳት አድርጎ ወሰዳት። የሮቢት አቧራ ሌላ ነው፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር በመስኮት ይገባል። ራቢዓ ለአምስቱም ማሽኖች የጨርቅ ልብስ ሰፋችላቸው። ጠዋት ታወልቅላቸዋለች፣ ማታ ታለብሳቸዋለች፣ ሞገስ ሲያስተምር ደግሞ ከኋላ ቆማ ትሰማለች። ሁለት ዓመት ከኋላ ቆመች።

በ1996 ሞገስ ተዛወረ። የላከው መሥሪያ ቤት ለራቢዓ አጭር ደብዳቤ ጻፈላት። ለሦስት ወር አንድ ዙር ታስተምር፤ ከዚያ ፈታኝ ይመጣል፤ ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች አሥሩ ካለፉ ክፍሉም እሷም ይቀጥላሉ፤ ካላለፉ ኮምፒውተሮቹ ተጭነው ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ። ራቢዓ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብባ አጠፈችው።

«አሥር?» አለች ለራሷ። «አሥራ ሁለቱም ያልፋሉ።»

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሲጀመር ማሽኖቹ እንደተሸፈኑ ነበሩ። ራቢዓ ከአባቷ ቤት ያመጣችውን ማሽላ በሰፌድ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምሳ ነው እንዴ?» አለች ከበቡሽ። ከበቡሽ የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ከመንዝ ተመድባ መጥታ የቆላውን ሙቀት ስትረግም ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

ራቢዓ አንዲት ፍሬ አነሳች። «ይቺ አንድ ባይት ናት። ለጊዜው አንድ ፊደል አንድ ባይት ይይዛል እንበል። ስምሽን ስትጽፊ አራት ፍሬ አስቀመጥሽ ማለት ነው። አሁን አንድ ሺህ ፍሬ ቁጠሩ።»

ሳቁ፤ ግን ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ማሽላ ሲቆጥሩ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሺህ ሲሞላ ራቢዓ ሃያ አራት ጨመረችበትና ሁሉንም በእጇ ዘገነችው። ያ ሁሉ ቆጠራ በአንድ መዳፍ አለቀ!

«ይሄ እፍኝ ኪሎ ባይት ይባላል። ይህን የሚያህል ሺህ እፍኝ ሜጋ ባይት ነው። ሺህ ሜጋ ደግሞ ጊጋ።»

ከኋላ ወንበር ጋሼ ማሕሙድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሼ ማሕሙድ ሃምሳ ያለፋቸው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ናቸው፤ ማኅበሩ ኮምፒውተር ሊገዛ አስቦ እንዲማሩ ልኳቸዋል። እፍኙን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት። የእሳቸው መዳፍ ከሚዛን አይተናነስም።

«ሠላሳ ግራም ትሆናለች» አሉ። «ሺህ እፍኝ ሠላሳ ኪሎ ነው። ጊጋ የምትዪው... ሦስት መቶ ኩንታል። ይሄ ማሽን ስንት ይይዛል?»

«ሃርድ ዲስኩ አራት ጊጋ ነው፣ ጋሼ ማሕሙድ።»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኩንታል! ወላሂ የኛ መጋዘን አይችለውም። እዚህ ሳጥን ውስጥ የት ነው ያለው?»

«እርስዎ ደግሞ በአህያ ጭነው ሊወስዱት ነው!» አለች ከበቡሽ።

ራቢዓ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ አውድማ ሳለች፤ ከጎኑ አፈ ጠባብ ጉድጓድ።

«ሃርድ ዲስክ ጉድጓዱ ነው። ብዙ ይይዛል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ያስገባችሁት እዚያው ነው። ግን ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይወቃም። ሥራ የሚሠራው አውድማ ላይ ነው። ኮምፒውተሩም ሥራ ሲይዝ ከጉድጓዱ አውጥቶ አውድማው ላይ ይዘረጋዋል። አውድማው ራም ይባላል፤ የነዚህ ሠላሳ ሁለት ሜጋ ነው።»

«አሥር ኩንታል ገደማ» አሉ ጋሼ ማሕሙድ። «ጉድጓዱ ያን ያህል፣ አውድማው ይሄን ያህል? ይጠባል።»

«ይጠባል፤ ግን ፈጣን ነው፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ተዘርግቷል። ሰፋ ያለ አውድማ ያለው ማሽን ብዙ ሥራ ባንዴ ይዞ አይንገዳገድም። ስታጠፉት ግን አውድማው ላይ የቀረው በሙሉ ይሄዳል። ጎርፍ እንደወሰደው ቁጠሩት።»

ጎርፉ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከበቡሽ ሙሉ ገጽ ጽፋ እጆቿን ስታፍታታ መብራት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል አልነበረችም።

«የት ሄደ? እዚህ ነበር እኮ! በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

«አውድማው ላይ ነበራ፣ መንዜዋ» አሉ ጋሼ ማሕሙድ። «ደመናውን እያየሽ አላስገባሽውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ክፍል ውስጥ ማንም ሁለት መስመር ጽፎ ሴቭ ሳያደርግ ሦስተኛውን አይጀምርም። አንዱ ሲረሳ ሌላው «ደመና!» ይለዋል።

በሁለተኛው ወር ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ፍሎፒ ተሰጠ። ራቢዓ አንዱን ከፍ አድርጋ አሳየች። የመዳፍ ስፋት ያላት፣ እንደ ካርቶን የቀለለች ጥቁር ፕላስቲክ ናት፤ አርባ ኪሎ ማሽላ የሚያህል ፊደል ግን ትሸከማለች።

«ይሄ ዘራችሁ ነው» አለች። «ከቤት ቤት የሚሄድ፣ ጉድጓዱ ቢበላሽ የሚተርፍ። እንደ ዘር ጠብቁት።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ደስ አላት። የሚያምር አነጋገር መሰላት።

የማለፊያው ሥራ ሁለት ገጽ ጽፎ፣ አስቀምጦ፣ በፈተናው ቀን ከፍሎፒ አውጥቶ ማሳየት ነበር። ጋሼ ማሕሙድ በቀበሌያቸው የቀረውን የማሽላ ዘር ዓይነትና በየትኛው ገበሬ ቤት እንዳለ ጻፉ፤ ጂጉርቲው ከማን ቤት፣ ደጋሊቱ ከማን ቤት። ከተማሪዎቹ አንዷ ወልዳ ቀረች፤ አንዱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ የደሴን መንገድ ይዞ ቀረ። የቀሩት ልክ አሥር ናቸው። አንድ ሰው እንኳ ከወደቀ ማሽኖቹ ይጫናሉ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ራቢዓ ለእንግዳ ቤት እንደሚጸዳ ማሽኖቹ እንዲጸዱ አዘዘች። «ሁላችሁም ሥራችሁን ፍሎፒ ላይ ይዛችኋል። ማሽኑ ላይ ያለውን አጥፉት፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ። ፈታኙ ሲከፍተው እንደ አዲስ ንጹሕ ይሁን።» አጠፉ። እሷም በየማሽኑ ፊት ቆማ አየች፤ ንጹሕ ነው።

ፈታኙ አቶ ሀይሉ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሱ። ኮታቸውን ሮቢት ሲገቡ ማውለቅ ነበረባቸው፤ አላወለቁም። ላባቸውን እየጠረጉ አንድ በአንድ ጠሩ። ፍሎፒ ይገባል፣ ማሽኑ ግር ግር ይላል፣ ጽሑፉ ይወጣል። ዘጠኝ ሰው አለፈ። ከበቡሽ ወደ ቦታዋ ስትመለስ በራቢዓ አጠገብ አለፍ ብላ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

አሥረኛው ጋሼ ማሕሙድ ነበሩ። ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ጨርቁ ሲፈታ ክፍሉ ውስጥ የማገዶ ሽታ ሸተተ። ፍሎፒው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጣሟል፤ ጥቀርሻ አጥቁሮታል።

ራቢዓ ጠጋ አለች። «ጋሼ ማሕሙድ! ምን አደረጉት?»

«እንዳልሽኝ አደረግሁ፣ ልጄ። እንደ ዘር ጠብቁት አላልሽም? ዘራችን የት እንደሚቀመጥ አንቺም ታውቂያለሽ። ከምድጃው በላይ፣ ከጂጉርቲው ዛላ ጎን ሰቀልኩት። ጭስ ያለበትን ነቀዝ አይደፍረውም።»

ማንም አልሳቀም፤ ከበቡሽም እንኳ። ራቢዓ እቤቷ ከምድጃው በላይ የሚንጠለጠሉትን የዘር ዛላዎች በዓይኗ አየቻቸው። እውነታቸውን ነው። በቀወት ሰው ዘርን እንደ ዘር የሚጠብቀው እንዲያ ነው። ያንን ቃል የነገረቻቸው እሷ ናት፤ ሙቀትና ጥቀርሻ ፍሎፒን እንደሚገድለው ግን አልነገረቻቸውም።

አቶ ሀይሉ ፍሎፒውን አገላበጡት። «ይሄ እንኳን ሊነበብ አይገባም። ሌላ ቅጂ አለ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ራቢዓ። «ዘር ነው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ማሽኑ ላይ የነበረውንም አጥፉ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ማሕሙድ አንዴ እሷን፣ አንዴ ፈታኙን አዩ። ከዚያ እንደ ተያዘ ልጅ መሬት መሬት እያዩ፣

«ሁሉንም አላጠፋሁም» አሉ።

«ምን?»

«አንቺን መቃወሜ አይደለም፣ ራቢዓ። ከላይ ያለውን አጥፍቻለሁ። ግን ጉድጓድ ተጠርጎ ሲወጣ ሆዴ አይችልም፤ ከሥር ትንሽ ትቻለሁ።»

ሦስተኛው ማሽን ላይ ተቀመጡ። አንድ ፎልደር ከፈቱ፤ በውስጡ ሌላ ፎልደር፤ በዚያም ውስጥ ሌላ። ከሁሉም በታች አንድ ፋይል ብቻውን ተቀምጧል። ከፈቱት። ጂጉርቲው ከማን ቤት፣ ደጋሊቱ ከማን ቤት፤ ሁለቱም ገጽ ሙሉ ነው።

ራቢዓ አንገቷን ቀና አደረገች። የክፍሉ ጣሪያ ጠፍቶ ሰሃን የምታክል ሰማይና የአባቷ ፊት የታያት መሰላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሰማው የኖረችውን ለተማሪዎቿ ልትነግር ረስታው ነበር። እንዲያውም ጥረጉ ብላለች!

አቶ ሀይሉ ወንበር ስበው ከጋሼ ማሕሙድ አጠገብ ተቀመጡ፤ ኮታቸውንም በመጨረሻ አወለቁ። ከቦርሳቸው አዲስ ፍሎፒ አወጡ።

«ፈተናው አስቀምጦ ማግኘት ነው። አንዱ ቦታ ጠፍቶብዎት ሌላ ቦታ አገኙት። አሁን እኔ እያየሁ እዚህ ላይ ያኑሩት። ከታች የዛሬን ቀን ይጻፉበት፤ የድሮ እንዳይሆን።»

ጋሼ ማሕሙድ ፋይሉን ፍሎፒው ላይ ኮፒ አደረጉ፣ ከፈቱት፣ ቀኑን በሌባ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ። ከኋላ አንድ ሰው በሹክሹክታ «ደመና» አለ። ሴቭ አደረጉ። ማሽኑ ግር ግር ብሎ ዝም ሲል መብራት ሄደ።

«እንግዲህ!» አሉ አቶ ሀይሉ በጨለመው ስክሪን እየተገረሙ። «ጽሑፉ ከፍሎፒው ሲወጣ ሳላየው ሄደ።»

ጋሼ ማሕሙድ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። «ይሂድ። አውድማው ላይ የቀረ የለም። አስገብቻለሁ።»

ጠበቁ። ከበቡሽ ከጎዳናው ማዶ ፓፓያ ገዝታ ቆራርጣ አመጣች። አቶ ሀይሉ የመመለሻ መኪናቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሆነ ሁለቴ ተናገሩ፤ ግን አልተነሱም። መብራቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ራቢዓ ማሽኑን አልነካችም፤ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ እነዚያን ሁለት ዓመታት በቆመችበት ቦታ ቆመች። ጋሼ ማሕሙድ አዲሱን ፍሎፒ አስገብተው ከፈቱ። ሁለት ገጽ፤ ከታች የዕለቱ ቀን።

አቶ ሀይሉ ወረቀታቸው ላይ «10» ብለው ጻፉና ኮታቸውን በክንዳቸው ይዘው ወደ መኪናቸው ሮጡ።

«ያንን የኔን መልሺልኝ» አሉ ጋሼ ማሕሙድ ሁሉም ሲወጣ፣ ወደ ተጣመመው ፍሎፒ እየጠቆሙ።

«ምን ሊያደርጉት?»

«ጭስ ላይ ልስቀለው እንጂ። ገና መቼ ደረቀ!»

ራቢዓ እስክታለቅስ ሳቀች። ፍሎፒውን ግን አልመለሰችላቸውም።

በሚቀጥለው ዙር አሥራ ስድስት ሰው ተመዘገበ። ማሽላውን አስቆጠረቻቸው፣ አውድማውንና ጉድጓዱን ሳለች። ፍሎፒ ጋ ስትደርስ የጠቆረውን ከመሳቢያዋ አውጥታ ከፊት ወንበር ጀምሮ ከእጅ እጅ እንዲዞር ሰጠች። አንዳንዱ አሸተተው።

«ይሄ ጭስ ላይ ተሰቅሎ ነበር» አለች። «እንዲሰቀል ያደረገችው አስተማሪዋ ናት። ሙቀት፣ አቧራና ማግኔት ጠላቶቹ ናቸው፤ ጻፉ። ከዚያ ደግሞ ባለፍሎፒው ራሳቸው ያስተማሩኝን እነግራችኋለሁ፤ ከሥር ስለሚተወው።»

አሥራ ስድስቱም ደብተራቸውን ገለጡ።