ግንብ የተሠራለት ደም መጣጭ

የበደለኝ አስጎብኚው ነው፤ ያውም በልጄ ፊት። ልጄ ሩማንያ ተምራ ስትመረቅ ከእንጅባራ ድረስ ሄጄላት፣ ደም መጣጭ መስፍን ኖሮበታል የሚባል ጥንታዊ ግንብ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ታሪኩን ቀድሜ አንብቤው ስለነበር ለማየት ቸኩያለሁ። አስጎብኚው ግን ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች አየና አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ልጄን አስገድጄ አስተረጎምኳት።

«‹እናትሽ ውጭ ይጠብቁ፤ የገጠር ሰው እዚህ ይደነግጣል› ነው የሚለው። በቃ እማዬ፣ ውጭ እንቀመጥ።»

ከእሱ ይልቅ የከነከነኝ የእሷ ነው። አፈረችብኝ እንዴ?

«አባቱ ይደንግጥ!» አልኩና ገባሁ።

ምድር ቤቱ ስንደርስ የሬሳ ሣጥኑ ተከፈተና ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ጥርሱ የሾለ፣ አፉ በደም የራሰ ሰው ዘሎ ፊቴ ተገተረ። ሰዉ ጮኸ፤ ልጄ ከኋላዬ ተሸጎጠች። እኔ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ከብት ሳረባ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አፍ ሲደማ ካየሁ እጄ ዝም ብሎ አይቆምም። መንጋጋውን ጨምድጄ ያዝኩና አፉን ከፍቼ ምላሱ ሥር አየሁ። የፕላስቲክ ጥርሱ እጄ ላይ ቀረ።

«ምን እየፈለጉ ነው?» አለ አስጎብኚው በልጄ በኩል።

ጥርሱን አስጎብኚው መዳፍ ላይ አኖርኩለት።

«ንገሪው ልጄ፤ እኛ አገር ደም መጣጭ አልቅት ነው። ከበሬ ምላስ ሥር በጣታችን መንጭቀን እንጥለዋለን እንጂ ግንብ አንሠራለትም!»