ብስክሌት ላይ የሰፋው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ሲወጣ ሚስቱ እንደ እንቁላል ያዘችው። ውሃ ሊቀዳ እንኳ ብድግ ካለ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ቁጭ በል። ልጄን ያለ አባት ልታስድረኝ ነው?» ትለዋለች።

እሱን የጨነቀው ግን ሌላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሙሽራ ሲያለብስ ኖሮ፣ የገዛ ልጁን የሰርግ ቀሚስ ሌላ ሰው ሊሰፋው ነው። ሚስቱ ሰፊ ማፈላለግ ጀምራለች።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ፣ «መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ ስፖርት ይጀምሩ» አለው።

ሚስቱ ቀደመች። «የታመመ ልብ ያርፋል እንጂ ይሮጣል እንዴ፣ ዶክተር?»

«የደም ሥራቸው ውስጡን እንደ ቁስል ተቆጥቷል፤ ብግነት እንለዋለን። እኛ እያየናቸው ቀስ እያሉ ቢንቀሳቀሱ እየበረደላቸው ይሄዳል።»

«እንግዲህ አንድ ነገር ቢሆን ከእርስዎ ራስ አልወርድም» አለች።

የሆስፒታሉ ስፖርት ክፍል ውስጥ ወለል ላይ የተተከሉ፣ ወዴትም የማይሄዱ ብስክሌቶች ተደርድረዋል። ሰፊው ወጣና ይረግጥ ጀመር። ግን ትንሽ ረገጥ ረገጥ ያደርግና ቀጥ ይላል። ደግሞ ይጀምራል፣ ደግሞ ቀጥ።

ስፖርቱን የምታሠራው ባለሙያ ሮጣ መጣች። «አባባ፣ ደረትዎን አመመዎት?»

ትንሽ አፈረ። «አይ ልጄ። የስፌት መኪናዬ ላይ ያለሁ እየመሰለኝ ነው። ጠርዝ ስደርስ ጨርቁን ላዞር እቆማለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አጠገቡ ያለው ጡረተኛ ሾፌር፣ «እኔም እኮ ከቅድም ጀምሮ ፍሬን እየፈለግኩ ነው» አለ።

«በሉ ረጅም መጋረጃ እየሰፉ ነው ብለው ያስቡ» አለችው ባለሙያዋ። «እያወሩ ይርገጡ። ማውራት ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ከሾፌሩ ጋር አገር ምድሩን እያሙ፣ ላባቸው ጠብ እያለ ሲረግጡ ወራት አለፉ።

ደሙ እንደገና ሲመረመር ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ብግነቱ ቀንሷል፤ ልብዎም በርትቷል። እያረፉ መስፋት ይችላሉ።» ሚስቱ «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችው። ሰፊ ማፈላለጉን ግን ያን ዕለት ተወችው።

ቀሚሱ በሚለካበት ቀን ልጁ መሀል ክፍል ቆማለች። እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ዙሪያዋን እየዞረ ታችኛውን ጠርዝ በመርፌ ይይዛል።

«አባዬ፣ አልደከመህም?»

«ዝም ብለሽ ቁሚ። ከተወዛወዝሽ ተንጋዶ ይቀራል።»

ሲጨርስ ሚስቱ እንደ ልማዷ ልታነሳው እጇን ዘረጋች። እሱም የመርፌ ማስቀመጫውን ቆርቆሮ አስያዛትና ብድግ አለ።