ገመዱን የያዘው ማን ነው?

አሶሳ፣ አንድ ሆቴል ሊፍት ውስጥ ገባሁ። ገመዱ ከላይ ሲጢጥ ሲል አባቴ ትዝ አለኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሆሞሻ ውስጥ ወርቅ ቆፋሪ ነበር፤ ጉድጓድ የሚወርደው በገመድ ነው። ከላይ ገመዱን የያዘው ሰው ስሙ ሲጠራ «አለሁ!» ይላል። መልስ ከሌለ መውረድ የለም።

አንድ ቀን ከሱዳን የመጣ አጎቱን ልንጠይቅ እዚሁ ሆቴል አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣን። ስንመለስ አንዲት ሠራተኛ ሊፍቱን ከፈተችልን። አባቴ አንገቱን አስግጎ ጣሪያውን አየ።

«ገመዱን ማን ይይዛል?» አላት።

«ማንም አይይዘውም አባባ፤ በመብራት ነው።»

«መብራት ስም አለው?»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ግን ሳይሞክረው መሄድም አላስቻለውም። ወደ እኔ ዞሮ በበርታኛ «ዘይነብ፣ አንቺ እዚህ ቁሚ» አለኝና ብቻውን ገባ። በሩ ተዘጋ። ወዲያው ከታች ድምፁ መጣ።

«ዘይነብ!»

«አለሁ!» ብዬ ጮህኩ። እንግዶች በራቸውን ከፍተው አዩኝ። በየፎቁ ጠራኝ፤ በየፎቁ መለስኩ። ዝም ካልኩ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ዛሬ ሊፍቱ መውረድ ሲጀምር ሳላስበው «አለሁ!» አልኩ።

አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ዞር ብሎ፣ «ማን ጠራሽ?» አለኝ።