የልብስ ሰፊው ሽርጥ

በቀይ ሽብሩ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ አብዮት ጠባቂዎች መንገዱን ዘግተው መታወቂያ ያያሉ። አንደኛው የተማሪ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና፣ «ምንድነው የምትማረው?» አለኝ።

«ማኔጅመንት። የመረጃ አያያዝ።»

«የማን መረጃ?»

«የመሥሪያ ቤት ነዋ። ደመወዙን፣ የመጋዘኑን ዕቃ በኮምፒዩተር ማደራጀት ነው።»

«ለማን ነው የምታቀብለው?»

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሱ ግን ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ያስገቡኝ ክፍል የሱቅ መጋዘን የነበረ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ አየሩ ላምባና ላብ የሚሸት። ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ፒያሳ እዚያው አጠገባችን ነበረች።

በማግስቱ ለምርመራ ጠሩኝ። ስለ ምርመራው ብዙ አልልም። ጥያቄው መንገድ ላይ የተጠየቅኩት ነው፤ መልሴም ያው። ጎትተው ሲመልሱኝ ሱሪዬ ርሶ ነበር፤ በውሃ አልነበረም። ከተገረፈው እግሬ ሕመም ይልቅ ሽታው አስጨነቀኝ። ሰው እግር ለእግር ተደራርቦ በሚቀመጥበት ክፍል የት ይደበቃል? ጥግ ይዤ ፊቴን ጉልበቴ ውስጥ ቀበርኩ።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ፒያሳ ልብስ ሰፊ። የሸሸ ልጅዎን አምጡ ተብለው ነው የታሰሩት። ከሱሪያቸው በላይ ያገለደሙትን ሽርጥ ፈትተው ጭኔ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«አውልቀው፣ ልጄ።»

«ይተዉኝ፣ አባቴ።»

«አብሽር። እዚህ ማን ያልደረሰበት አለ?» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጎበዝ፣ እስቲ ዞር በሉ» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ግድግዳ ዞረ። በሁሉም ላይ ሲያላግጥ የሚውለው የአራዳ ልጅ እንኳ ፊቱን አዞረልኝ።

ሽማግሌው ለሶላት የሚታጠቡበት፣ ከመጠጫ ድርሻቸው በጣሳ ያጠራቀሙት ውሃ ነበራቸው። ሱሪዬን በዚያ ውሃ ያጥቡት ጀመር። ልቀበላቸው ስታገል፣ «ዝም በል፤ ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉኝ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ በውሃው ፋንታ መዳፋቸውን አቧራማው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ። ያን ሳይ እፍረቴ ባሰ።

ጠዋት የእሳቸው ስም ተጠራ። ሱሪዬ ገና አልደረቀም። ሽርጡን ልፈታ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሲደርቅልህ ትሰጠኛለህ» ብለው ወጡ።

አልተመለሱም።

እኔ ስፈታ ሰፈራቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። ባለቤታቸው ሽርጡን ገና ሲያዩት ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ገፍፈውት ነው?»

«አይደለም፣ እናቴ። በፈቃዳቸው ነው የሰጡኝ።»

«ለምን ብሎ?»

በርዶኝ ነው ብል ይበቃ ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ሴትዮዋ ሽርጡን ከእጄ ተቀብለው መልሴን ይጠብቁ ነበር። አቀርቅሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሱሪዬንም ነገር፣ የውሃውንም። ስጨርስ ሽርጡን ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው፣ «እሱ ነው። እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉ። ብድግ ብለውም፣ «ተነስ ግባ። እህል ሳትቀምስ አትሄድም» አሉኝ።

ትምህርቴን ጨርሼ፣ በዚያው ሙያ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ስለ ድብደባው አወራቸዋለሁ፤ ይሄኛውን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። ለሴትዮዋ በመናገሬ ግን አልጸጸትም። ከእኔ በቀር የባላቸውን ነገር ይዞ በዚያ ደጃፍ የደረሰ ሰው አልነበረም።