የዋልካ እንግዳ

ልጅ ሳለሁ የፎገራ ትንኝ ጥጃ ተሸክሞ ሲበር አይቻለሁ ብል የሚያምነኝ የለም፤ ይኼኛውን ግን እመኑኝ።

ያኔ ከወረታ ወጣ ባለችው መንደራችን፣ ማታ ማታ የምንሰበሰበው ሸማኔው ጎረቤታችን አያ ውበቴ ቤት ነበር። የኩበቱ ፍም ደብዘዝ ሲል፣ ኩራዟ ጢሷን ወደ ጣሪያው ስትሰድ፣ እግራችንን ወደ ምድጃው ዘርግተን ተረታቸውን እንጠብቃለን። እኔ የምወደው የሁለቱን እህትማማች አፈሮች፣ የአሸዋንና የጥቁሯን ጭቃ የዋልካን ተረት ነበር። ዝናብ በእንግድነት ሲመጣ፣ አሸዋ ገና ሳይቀመጥ በጓሮ በር ሸኘችው፤ ዋልካ ግን ጋቢውን ጨምድዳ «ሳትበላማ አትሄድም!» አለች። ይኸው ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው እኛ ዘንድ ተኝቶ ይከርማል፤ እኛም ሩዛችንን እንበላለን።

ትምህርት ቤት የሚሄደው ወንድሜ ደሴ ነበር። እኔን አባቴ «ይችን ቀላማጅ ብልካት አስተማሪውን ታሳብደዋለች» ብሎ አስቀረኝ። አንድ ማታ ደሴ ቂጣቸው የተቆረጠ ሁለት የውኃ ፕላስቲክ ይዞ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጡት የሳይንስ መምህርቱ «በእጃችሁ ሞክራችሁ ያላያችሁትን አትጻፉ» ብለዋቸው ኖሯል። ደሴ የፕላስቲኮቹን አፍ በጨርቅ አስሮ ዘቀዘቃቸውና በአንዱ የርብ ወንዝን አሸዋ፣ በሌላው ከማሳችን ያመጣውን ደረቅ የዋልካ ጓል ሞላ።

ውኃ ሲያፈስ አሸዋው ወዲያው አወረደው። አያ ውበቴ ፈገግ አሉ። ዋልካው ላይ ሲያፈስ ግን ውኃው በጓሉ መካከል ሽው ብሎ ወርዶ ምድጃውን ሊያጠፋ!

«አያ ውበቴ፣ ዋልካም ሸኘችው እኮ!» አለ ደሴ።

«ጋቢውን ገፍፋ ሸኘችው!» አልኩ እኔ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ኩራዟን እፍ አሉና «በሉ ወደየቤታችሁ፤ ውሸታም ሽማግሌ ምን ያደርግላችኋል» አሉ። በማግስቱ ማታ በራቸው ዝግ፤ በሦስተኛውም ዝግ። ላሞቹ እንኳ በኀዘን ማመስኳት አቆሙ። ደሴስ ትምህርት ቤት አለው፤ የእኔ ትምህርት ቤት ያ ምድጃ ነበር።

የዋልካውን ፕላስቲክ ሰርቄ ጓሮ ወሰድኩትና፣ ንዴቴን ልወጣበት ብዬ ጧትም ቀትርም ውኃ ጨመርኩበት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብጨምር ውኃው ከላይ ቀርቶ የገዛ ፊቴን አሳየኝ። ጓሉ እንደ ሊጥ አብጦ ስንጥቁ ሁሉ ገጥሟል። ጠብ የሚል የለም።

ፕላስቲኩን አቅፌ በራቸውን ደበደብኩ። «አያ! ይውጡ! እንግዳውን ያዘችው!»

«ሂጂ፣ አንቺ ቀላማጅ! ደግሞ ልትስቂብኝ ነው?»

«አይመኑኝ! ብቻ ይዩት!»

ወጡ። ጎንበስ ብለው ከሥሩ በጣታቸው ዳሰሱት። «ለካ መጀመሪያ እሷም ተጠምታ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ያን ማታ በሩ ተከፈተ፤ ተረቱም ተለውጦ ጠበቀን። በጋውን አፏ ተሰነጣጥቆ የከረመችው ዋልካ፣ የመጀመሪያውን እንግዳ ከፊሉን ራሷ ጠጥታ ቀሪውን በስንጥቋ አሾለከችው፤ ከጠገበች በኋላ ነው ለሁለተኛው ምንጣፍ ያነጠፈችው። ደሴ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጽፍ፣ አያ ውበቴ እንዲደርስባቸው ዝግ ብለው አወሩ።

ዛሬ በየሠርጉና በየደቦው ሰው የማስቅ ሴት ነኝ። ሙሽራ ላይ ስቀልድማ ማንንም አልጠብቅም። ከአንድ ሽማግሌ አፍ የማይመስል ነገር ሲወጣ ግን ያኔ የሳቅሁት ሳቅ ይቆጠቁጠኝና፣ ከመሳቄ በፊት ሌላ ጣሳ ውኃ ጨምሬ እቆያለሁ።